ወይዘሪት ስንት

ስሜን የሚያውቀው የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ነው።
ወርክሾፑ ውስጥ ግን «ስንት መጣች» ይላሉ፣
«ስንትን ጠይቋት»፣ «ስንት ተቆጥታለች ዛሬ» ይላሉ፤
በሩ ሲከፈት፣ ከሰላምታ በፊት
ይህችው አንዲት ቃል ናት ካፌ የምትወጣ።
ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣
ከወጣውስ ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ፣
ስንቱ የመፍጫ ብናኝ ሆኖ በመጥረጊያ ተሰበሰበ።

የዘንድሮ ሥራችን ጀልባ ነው፤
ስልሳ ሰው ከነእህሉ፣ ከነፍየሉ ጭኖ ደቅ የሚያደርስ።
ሌላው ሰው ጀልባ ያያል፣
እኔ ላሜራ አያለሁ፤
ሰማንያ አራት፣ ባለ ስድስት ሚሊ፣
አንዱ የአራት ሰው ሸክም፣
ጥግ ጥጉ ላይ የወደቡ ቀይ ቀለም ያለበት።

ፈንታሁን ከመንገድ ይደውላል።
«ሚሌ ነኝ» ይለኛል፤ ሚሌ ለእኔ ማክሰኞ ነው።
«ወልድያ ጎማ ፈነዳ» ይለኛል፤ ረቡዕን እሰርዛለሁ።
ክሬኑ የተከራየው ለሐሙስ ብቻ ነው፣
ሐሙስ ካለፈ ባለቤቱ ወደ መራዊ ይዞት ይሄዳል።
አንሙት የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
መስኮቴ ሥር ይቆማል፤
«ስንት፣ ኤሌክትሮድ» ይላል፤ ሌላ ቋንቋ የለንም።
ኤሌክትሮዱን እንደ ጫጩት በሙቀት ሳጥን ነው የማሳድረው፤
የጣና ትንፋሽ ሌሊት በቆርቆሮው ሥር እየገባ
የነካውን ሁሉ ያረጥበዋል፣
እርጥብ ኤሌክትሮድ ደግሞ ይተፋል፣ ስፌቱን ያቦረቡራል።

አቶ ምንይችል ከፎቅ ይጮኻሉ፦ «ለምን ቆመ?»
መብራት ሄዶ ነው ጌታዬ።
ዓባይ ከግቢያችን ኋላ እየሮጠ፣
መብራት ሄዶ።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል መኪናው ገባ።
ጉና ላይ ገመድ ተበጥሶ
ሦስት ላሜራ ተንሸራቶ ገደል ወርዷል፤
ፈንታሁን ቆቡን አውልቆ ነገረኝ፣ መርዶ እንደሚያረዳ።
ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ላይ ሰማንያ አንድ ብዬ ጻፍኩ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ሆዴ ነው የተንቀጠቀጠው።

ሌላ ለማዘዝ ሁለት ወር፤
ሁለት ወር ማለት ክረምት፣
ክረምት ማለት ውል ማፍረስ።
ሰው ሲወጣ በር ዘጋሁ፣
ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፤
በጠመኔ ጎኑን ሣልኩ፣ ሆዱን ሣልኩ፣ አፍንጫውን፤
ልብስ ሰፊ ባነሰ ጨርቅ ላይ እንደሚጨነቅ
አንዱን ቅድ በሌላው ብብት አስገባሁ፣
ገለበጥኩ፣ አዞርኩ፣ በቀሚሴ ጫፍ አጠፋሁ፤
ከመስኮቱ ከሚወጣው ቁራጭ የወንበሩ መደገፊያ ተገኘ፤
ቤዛዊት ኮረብታ ከጨለማው ሲለይ
ሰማንያ አንዱ በቃ።

ለማንም አልተናገርኩም።
የጎደለ እንደሆን «ማን አጎደለው» ይላሉ፤
የሞላ እንደሆን ሞልቶ ነው ብለው ያልፋሉ።

ጀልባው ውኃ በነካ ቀን ንግግር ነበር፣ ጥብጣብ ነበር፤
አንሙትን በትከሻቸው አነሡት፤ ይገባዋል፣
የሱ ስፌት ጠብታ አታስገባም።
እኔ ከኋላ፣ ደንገሉ ዳር ቆሜያለሁ፣
የተዋስነውን ሰንሰለት ቆጥሬ ልመልስ።
ኑርዬ ታንኳ ሠሪው አጠገቤ መጣ፣
መዳፉ በደንገል ልጥ የተሰነጣጠቀ፤
ብረቱን ከአፍንጫው እስከ ጭራው አየና
«ስንት» አለ።
ዞር አልኩ፤ የጠራኝ መስሎኝ ነበር።
«ስንት እስር ፈጀ?»

በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የጠየቀ እሱ ብቻ ነው።
«ሰማንያ አንድ» አልኩት፣ «ሰማንያ አራት ተብሎ ነበር።»
ዝም አለ። በልቡ ቀነሰ።
«እኔም አንዳንዴ ሦስት እስር አስቀራለሁ» አለኝ፣
«ታንኳዋ ሳታውቅብኝ።»

ማታ ካርዱን ዘጋሁ።
ገቢ ሰማንያ አንድ፣ ወጪ ሰማንያ አንድ፣ ቀሪ የለም።
መብራት ነበር።
ብዕሬን ከድኜ ልነሣ ስል
ከሐይቁ በኩል ሞተሩ ሲያልፍ ሰማሁት፤
ስንት ሰው ጭኖ ይሆን?